የመንግሥት ሒሳብ አንባቢዎች፦ የኢትዮጵያ በጀት ከግምጃ ቤት እስከ ወረዳ ሰሌዳ

በኢትዮጵያ መንግሥት ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ በጀት ኖሯል። ያለ ሒሳብ ግን አልኖረም። ገባሩ የሚያስገባው እህልና ማር፣ ባላገሩ የሚያቀርበው ሠንጋና ሙክት፣ ከደቡብና ከምዕራብ የሚመጣው ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ በየኬላው የሚቀረጠው አሞሌ ጨው ሁሉ ተቆጥሮ ይገባ ነበር። ቆጣሪው በጅሮንዱ ነው። በጅሮንድ የንጉሡን ግምጃ ቤት የሚጠብቅ፣ ገቢውን የሚረከብና ወጪውን በንጉሡ ቃል የሚከፍል ሹም ሲሆን፣ የግምጃ ቤቱን ልክ የሚያውቁት እሱና ጌታው ነበሩ። ከነሱ ውጭ ሒሳቡን የመጠየቅ መብት ያለው ሰው አልነበረም፤ መጠየቅም ከድፍረት ይቆጠር ነበር።

የመንግሥት ወጪ ትልቁ ክፍል ደግሞ ግምጃ ቤት ሳይደርስ ያልቅ ነበር። መኳንንቱና ገዳማቱ ጉልት ሲሰጣቸው የአገሩ ግብር በቀጥታ ወደነሱ ይሄዳል። ወታደሩ በገባሩ ቤት አድሮ በገባሩ ይቀለባል። አፄ ቴዎድሮስ ወታደራቸውን በደመወዝ ለማሳደር ያሰቡት፣ አፄ ምኒልክም በ1880ዎቹ ለሠራዊቱ ቀለብ አሥራት እንዲከፈል ያዘዙት ይህን ልማድ ለማስቀረት ነበር። የቴዎድሮስ ሐሳብ አልዘለቀም፤ የምኒልክ አሥራት ግን ለብዙ ዓመታት የገበሬው ዋነኛ ግዴታ ሆኖ ቀጠለ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ዝክረ ነገር» የሚያገላብጥ አንባቢ የግብሩን ዓይነት፣ የመሬቱን ስሪትና የየሹሙን ድርሻ በዝርዝር ያገኛል። የዝርዝሩ ብዛት ራሱ ችግሩን ያሳያል። በዓይነት የሚገባ ግብር ይቆጠራል እንጂ አይደመርም። መቶ ጉንዶ ማርና ሃምሳ ሠንጋ በአንድ ድምር ውስጥ አይገቡም፤ ድምር የሌለው ገቢ ደግሞ ለመጪው ዓመት አይታቀድም። ለበጀት መወለድ በመጀመሪያ ያስፈለገው ከሕግ ይልቅ በገንዘብ የሚሰበሰብ ግብር ነበር።

ያ ገንዘብ ቀድሞ የታየው በጉምሩክ ነው። የምድር ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ሲደርስ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ በየመንገዱ በነጋድራሶች ይቀረጥ የነበረው ንግድ በጥቂት በሮች ማለፍ ጀመረ። ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ ጨርቃ ጨርቅ ሲገባ የሚከፈለው ቀረጥ በማርያ ቴሬዛ ብር የሚቆጠር ስለነበር መንግሥት ከዓመት ዓመት ሊያነጻጽረው የሚችል ገቢ አገኘ። በዚሁ ዘመን፣ ጥቅምት 1900 ዓ.ም.፣ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘብ ሚኒስትርነቱ የተሰጠው ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ ነበር። ሹመቱ አዲስ፣ ማዕረጉ ግን የቀድሞው ነው፤ ሚኒስቴሩም ለረጅም ጊዜ ከንጉሡ ጓዳ ተለይቶ አልቆመም።

ይህ መደባለቅ ቀርቶ ሁለቱ መለየት እንዳለባቸው በጽሑፍ ከተናገሩት ቀዳሚዎች አንዱ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በጉምሩክ ሥራ ያገለገለው ይህ ምሁር «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ ለለውጥ ከዘረዘራቸው ነጥቦች መካከል የመንግሥት ሀብት ከንጉሥ ሀብት እንዲለይና ግብሩ በልክ ሆኖ በገንዘብ እንዲከፈል የሚሉት ይገኙበታል። ከሞተ በኋላ በ1916 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደግሞ የአገር ሀብት ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚፈስ ለመመርመር ሞክሯል። የገብረ ሕይወት ሐሳብ ፍሬ ነገሩ ቀላል ቢሆንም ክብደቱ ታላቅ ነው። ንጉሡ ከራሱ ኪስ የሚሰጥ ከሆነ ተቀባዩ ያመሰግናል፤ መንግሥት ከሕዝብ ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ ግን ሒሳብ ያቀርባል። የበጀት ታሪክ በኢትዮጵያ የጀመረው ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ከሰፈረበት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ልዩነቱን ሕግ ያደረገው የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው። የመጨረሻው አንቀጽ፣ 55ኛው፣ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት የሚገባ ማናቸውም ገንዘብ ለየሚኒስቴሩ የተመደበውን በሚወስነው ዓመታዊ በጀት መሠረት ብቻ እንዲወጣ ይደነግጋል። በጀቱን የገንዘብ ሚኒስትሩ ያቀርባል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች ይመክሩበታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያጸድቃል። የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የተሾሙ፣ የሕግ መምሪያው አባላትም በመኳንንትና በሹማምንት የተመረጡ ስለነበሩ ሕዝቡ ራሱ የመረጠው የበጀት አንባቢ አልነበረም። ያም ሆኖ ሒሳቡ ከበጅሮንዱና ከጌታው ሌላ ሦስተኛ ወገን ፊት መቅረብ እንዳለበት የአገሪቱ የበላይ ሕግ ተናገረ። በዚያን ጊዜ የገንዘብ አማካሪ ሆኖ የመጣው አሜሪካዊው ኤቨረት ኮልሰንም አዲሱን አሠራር ለማቆም ይረዳ ነበር። የጣሊያን ወረራ ግን ሥራውን በጅምሩ ቆረጠው።

ከድል በኋላ በጀቱ እንደገና የተጀመረው በባዕድ ዐይን ሥር ነው። ጥር 1934 በተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት እንግሊዝ በመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ቃል ገባች፤ ስምምነቱ ከቀጠለ በሦስተኛው 500 ሺህ፣ በአራተኛው 250 ሺህ ይከተላል። በምላሹ ንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥትን ወጪ በተመለከተ ባለሥልጣኖቻቸው ከእንግሊዛዊው አማካሪ ጋር በቅርብ እንዲመካከሩ ተስማሙ። የኢትዮጵያን መንግሥት ወጪ በጽሑፍ ስምምነት የማየት መብት ሕዝቡ ራሱ ከመረጠው ተወካይ ቀድሞ የተሰጠው ለረጂ መንግሥት ሰው መሆኑ ለአንድ ነፃ አገር የሚያኮራ አልነበረም። መንግሥት ከዚህ ጥገኝነት ለመውጣት የራሱን ገቢ በገንዘብ ማጠናከር ነበረበትና በዚያው ጥረት የዘመናዊው ፋይናንስ መሠረት ተጣለ።

መጋቢት 1934 ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ሕግና የበጀት አዋጅም በታተመ ወረቀት የሚወጣበት ዘመን መጣ። የመሬት ግብር በጋሻ ተተምኖ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ በሚሉ ደረጃዎች በገንዘብ እንዲከፈል ተወሰነ፤ በ1937 አሥራቱም ወደ ገንዘብ ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከማርያ ቴሬዛ ብር ቦታውን መረከብ ያዘ። የመንግሥትን ወጪ የሚመረምር የሒሳብ ምርመራ ኮሚሽንም በነዚሁ ዓመታት ተቋቋመ። በ1940 የታወጀው የትምህርት ግብር ለየት ያለ ነበር። ከመሬት ባለይዞታው የሚሰበሰበው ገንዘብ በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታስቦ በየአካባቢው የትምህርት ቦርዶች ተቋቋሙለት። ከፋዩና የገንዘቡ ፍሬ በአንድ አካባቢ የሚገናኙበት ይህ ሥርዓት ከጊዜው የቀደመ ሐሳብ ነበረው፤ ግብር ከፋይ የሒሳብ ተጠቃሚ ሊሆን እንደሚችል በግብር ሕጉ ውስጥ የታየው በዚህ አዋጅ ነው።

ሌላው አዲስ አንባቢ አበዳሪው ነው። መስከረም 1943 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ለመንገድ 5 ሚሊዮን፣ ለልማት ባንክ 2 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ባንኩ በአፍሪካ ያበደረው የመጀመሪያው ገንዘብ ይኸው ነበር። አበዳሪ ገንዘቡ የት እንደገባ ማወቅ ይፈልጋል። ለዚህም የራሱ ሒሳብ፣ የራሱ ግዢና የራሱ ቅጥር ያለው ድርጅት ይመርጣል። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዚያው ዓመት ራሱን ችሎ ሲቋቋም፣ ቀጥሎም የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲከተል፣ የሥራ ጥራቱ በእርግጥ ተሻሽሏል። ነገር ግን የመንግሥት ሒሳብ በሁለት ተከፈለ። ለአበዳሪው የሚዘጋጀው ሒሳብ በጊዜው የተዘጋ፣ የተመረመረና የተሟላ ሲሆን፣ ለአገር ውስጥ የሚዘጋጀው ከኋላ ይጎተት ነበር። ይህ ክፍፍል በኋለኞቹ ዘመናትም በተለያየ መልክ ተመልሶ ይመጣል።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለፋይናንስ የሰጠው ቦታ ከቀድሞው በጣም የሰፋ ነው። ግብር ያለ ሕግ እንዳይጣል፣ ገንዘብ ያለ ሕግ እንዳይወጣ ከለከለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የበጀቱን ረቂቅ ለፓርላማው ያቀርባል፤ ፓርላማው በየአንቀጹ ተወያይቶ ድምፅ ይሰጣል፤ ጠቅላላውን ወጪ ግን ከፍ ማድረግ አይችልም። በጀቱ በጊዜው ካልጸደቀ ያለፈው ዓመት በጀት ይቀጥላል። ዋና ኦዲተር በንጉሠ ነገሥቱ ተሹሞ የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለንጉሠ ነገሥቱና ለፓርላማው ሪፖርት እንዲያቀርብም ተደነገገ። በ1950 የተሰበሰበው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላቱ በሕዝብ ምርጫ የገቡበት የመጀመሪያው ነበር። በዚያን ጊዜ ቢያንስ በሕግ ደረጃ ሕዝብ የመረጠው ወኪል በጀቱን በእጁ ያዘ።

ሕዝቡ ራሱ ግን በጀቱን አልያዘም። በ1960 አሥራት ቀርቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ ሐሳቡ ተራማጅ ነበር፤ ባለብዙ መሬቱ ብዙ፣ ባለጥቂቱ ጥቂት እንዲከፍል ያለመ ነው። ጎጃም ግን አመፀ። ገማቾች መጥተው ምርቱን መተመናቸው መሬቱን ለመቀላድና ርስቱን ለመንጠቅ የተዘጋጀ መንገድ መስሎት ገበሬው ጫካ ገባ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን ገዢውን አነሣ፣ የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብርም ማረ። ለአመፁ የቆዩ ቅሬታዎችና የአስተዳደር በደሎች ምክንያት እንደነበሩ አያጠራጥርም። ሆኖም በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው አዋጅና በጀት ማንበብ ለማይችለው አብዛኛው ገበሬ ምንም አልነገረውም፤ የቀድሞው ግብሩ ምን እንደሠራለት የሚያስረዳ አንድ ሰነድ በእጁ አልነበረም። ሰው ፍሬውን ያላየውን ግብር በጥርጣሬ ቢመለከት አይፈረድበትም።

በደርግ ዘመን የአንባቢው ክብ ጠበበ። መስከረም 1967 ፓርላማው ተዘጋ፤ ብሔራዊ ሸንጎ እስከተከፈተበት እስከ 1979 መጨረሻ ድረስ በጀት የሚቀርብለት የተመረጠ አካል አልነበረም። በምትኩ የዕቅድ መሥሪያ ቤቱ ጎላ። መደበኛውን በጀት ገንዘብ ሚኒስቴር፣ የካፒታሉን በጀት ደግሞ የፕላኑ መሥሪያ ቤት ያዘጋጁ ስለነበር አዲስ ትምህርት ቤት የሚሠራበት ገንዘብና የመምህሩ ደመወዝ የሚወጣበት ገንዘብ በሁለት ቤት ይታሰቡ ነበር። ሕንፃው አልቆ መምህር የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አሠራሩ ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላም ዘልቆ፣ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ሚኒስቴር ተብለው የተዋሐዱት በ1994 ነው።

ፌዴራላዊው ሥርዓት በጀቱን ያበዛው በቁጥር ብቻ ሳይሆን በባለቤትም ነው። በ1985 የማዕከሉና የክልሎች የገቢ ክፍፍል በአዋጅ ተወሰነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የፌዴራሉን በጀት የማጽደቅ ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የመወሰን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ክልሉ ለወረዳው በጥቅል የሚሰጠው ድጎማ ተጀመረና ወረዳው የራሱን በጀት የሚያጸድቅ ምክር ቤት ያለው የፋይናንስ ክፍል ሆነ።

ይህ ሁሉ አሮጌው የሒሳብ አያያዝ ሊሸከመው የሚችል አልነበረም። ሒሳቡ በነጠላ ምዝገባ ይያዝ ነበር፤ የየዓመቱ ሒሳብ ሳይዘጋ ለዓመታት ይከማች ነበር። ዓመት ሁለት ዓመት የዘገየ ሒሳብ ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅም ይሆናል፤ ለበጀት ወሳኝ ግን ዋጋ የለውም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው ሥር የተካሄደው፣ በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የታገዘውና በስቲቨን ፒተርሰን የተመራው ፕሮጀክት ይህን ለመለወጥ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዶበታል። አዲስ የሒሳብ መደብ ወጣ፤ ጥንድ ምዝገባ ገባ፤ አይቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ ሥርዓት በኮምፒውተር ተዘረጋ። በወረዳ ደረጃ ለእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የሚበቃ የሒሳብ ባለሙያ ስላልነበረ የበርካታ ጽሕፈት ቤቶችን ገንዘብ በአንድ ላይ የሚያስተዳድር የፋይናንስ ፑል ተቋቋመ። ማሻሻያው ዝና አላገኘም፤ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር የለውምና። የኢትዮጵያ መንግሥት ሒሳብ በጊዜው መዘጋት የጀመረው ግን በየወረዳው ተቀምጠው አዲሱን ምዝገባ በተማሩት ወጣት የሒሳብ ሠራተኞች ድካም ነው፤ ሊመሰገኑበት ይገባል።

ሒሳቡ ወደ ወረዳው ሰው የወረደው በሌላ አጋጣሚ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ቀውስ ረጂዎች ለፌዴራሉ በጀት በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን ድጋፍ አቋረጡ። በ1998 በምትኩ የተቀረጸው፣ በምህጻሩ ፒቢኤስ የሚባለው ፕሮግራም ገንዘቡ በድጎማ አድርጎ ወደ ክልልና ወረዳ እንዲወርድና በትምህርት፣ በጤና፣ በግብርና፣ በውኃና በገጠር መንገድ ላይ እንዲውል አደረገ። ከግዴታዎቹ አንዱ ወረዳዎች በጀታቸውንና ወጪያቸውን ተራ ሰው በሚገባው ቅጽ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፉ ነበር። የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራሙም ነዋሪውንና አገልግሎት ሰጪውን ፊት ለፊት እያገናኘ ስለ ጤና ጣቢያው መድኃኒትና ስለ ውኃ ቦኖው ማነጋገር ጀመረ። ከ2001 ወዲህ የትምህርት ቤት ድጎማ በየተማሪው ቁጥር ሲሰጥ ደግሞ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር የተካተቱበት ኅብረት ገንዘቡ ጠመኔ ይግዛ ወይስ ዴስክ ያሠራ የሚለውን የሚወስን ሆነ።

በሰሌዳው ላይ የሚነበበው ቁጥር አንድ እውነት ያጋልጣል። የብዙ ወረዳዎች በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። የመምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽንና የግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ ከተነሣ በኋላ ለሥራ ማስኬጃና ለካፒታል የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ፣ ነዋሪው በጀቱን አንብቦ ለውጥ ቢጠይቅ እንኳ ምክር ቤቱ የሚያዛውረው ገንዘብ እምብዛም አይደለም። ይህ ግን ሰሌዳውን ከንቱ አያደርገውም። መምህሩ በመዝገብ ላይ አለ፣ በክፍል ውስጥ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የሚችለው የደመወዙን ወጪ ያየ ወላጅ ነው። በ2000 የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅም ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል፤ ገንዘብ ሚኒስቴርም በየዓመቱ ከሚወጡት ወፋፍራም የበጀት ሰንጠረዦች ጎን የዜጎች በጀት የሚባል አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቷል።

በፌዴራል ደረጃ የሒሳቡ ዋነኛ አንባቢ ዋናው ኦዲተር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 101 ሹመቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሰጠ ሲሆን፣ የመሥሪያ ቤቱን በጀትም በቀጥታ ለዚሁ ምክር ቤት እንዲያቀርብ አድርጓል፤ ተመርማሪው የመርማሪውን በጀት እንዳይቆርጥ የተቀመጠ ብልህ ጥበቃ ነው። የፋይናንስና የክዋኔ ኦዲት ሪፖርቶቹ ወደ መንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይሄዳሉ፤ ኮሚቴውም የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ጠርቶ በይፋ ይጠይቃል። ገመቹ ዱቢሶ ዋና ኦዲተር በነበሩባቸው ዓመታት ሪፖርቱ ለምክር ቤቱ በቀረበ ቁጥር በጊዜው ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ከደንብ ውጭ የተፈጸመ ግዢና ማስረጃ ያልቀረበለት ወጪ የጋዜጦች ዐቢይ ርእስ ይሆን ነበር። አንድ ዓይነት ግኝት በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ ከዓመት ዓመት ሲደገም ማየት የሪፖርቱን አንባቢ ልብ ይሰብራል። ኦዲተሩ የማሰር ወይም የማባረር ሥልጣን የለውም፤ ግኝቱ ወደ ርምጃ የሚለወጠው ምክር ቤቱ፣ ዐቃቤ ሕጉና የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ሲነሡ ነው።

በ2007 መንግሥት በዓለም አቀፍ ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሲሸጥ የቆየው የሁለት ሒሳብ ታሪክ በጉልህ ተመለሰ። ለቦንድ ገዢዎች የተዘጋጀው ሰነድ ስለ አገሪቱ ኢኮኖሚ፣ ስለ መንግሥት ልማት ድርጅቶችና ስለ ዕዳቸው በአንድ ቦታ የሰበሰበው መረጃ ለአገር ውስጥ አንባቢ በዚያ መልክ ቀርቦለት አያውቅም። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እንደገና ሊነሣ እንደሚችል፣ ረኃብ ሊከሰት እንደሚችል፣ መጪው ምርጫ ውጥረት ሊያስከትል እንደሚችል ሳይቀር ተጽፎ ነበር። ገንዘቡን የሚያስገባ ባዕድ አደጋውን አውቆ እንዲገባ የዓለም አቀፉ ገበያ ሕግ ስለሚያስገድድ ነው። ዕዳውን ለሚከፍለው ዜጋ ይህን ያህል እንዲነገረው የሚያስገድድ ደንብ ግን አልነበረም። ታኅሣሥ 2016 መንግሥት የዚሁ ቦንድ ወለድ የሆነውን 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፍል ሲቀር ብዙው ሰው ስለ ቦንዱ መኖር የሰማው ያኔ ነው። በጀት ውስጥ የማይታየው የልማት ድርጅቶች ብድርም ቀስ በቀስ ወደ መንግሥት ትከሻ ዞሯል፤ በ2013 የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን የተቋቋመው ይህን ሸክም ለመረከብ ነበር።

የፌዴራል በጀቱ በ2013 476 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ለ2018 የጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ደርሷል። ከዕድገቱ ብዙው የዋጋ ንረትና የብር ምንዛሪ መውረድ የፈጠረው በመሆኑ ሁለቱን ቁጥሮች ያለ ማስተካከያ ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። በሥራ ላይ የቆየው የተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ የሒሳብ መሠረትም የራሱ ዕውር ቦታ አለው። የተሠራ ድልድይ በተከፈለበት ዓመት ወጪ ሆኖ ይመዘገብና ከዚያ በኋላ ከሒሳቡ ይጠፋል፤ ለጡረተኛው የተገባው ቃል ኪዳን ክፍያው እስኪደርስ ድረስ የትም አይታይም። በ2006 የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ እንዲቋቋም አድርጎ የመንግሥት አካላት ዓለም አቀፉን የመንግሥት ሴክተር የሒሳብ አያያዝ ደረጃ እንዲከተሉ መንገድ ከፍቷል። በዚህ ደረጃ የሚዘጋጅ ሒሳብ ሀብትንና ዕዳን ጭምር ያሳያል። ለዚያም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሕንፃውን፣ ተሽከርካሪውንና መሣሪያውን መዝግቦ ዋጋ ማውጣት፣ ያልተከፈለ ግዴታውንም በዝርዝር ማስፈር ይኖርበታል።